አማርኛ ፒዲኤፍን በኦንላይን ወደ ወርድ ሲቀይሩ ፊደሉ እንዳይበላሽ

የፋይል መቀየሪያ ድረ ገጾች አሠራራቸው አንድ ዓይነት ነው። ፋይሉን አፕሎድ ያደርጋሉ፣ የሚፈልጉትን ፎርማት ይመርጣሉ፣ «ኮንቨርት» የሚለውን ይጫናሉ፣ የተቀየረውን ያወርዳሉ። ኮንቨርቲዮም ሆነ ክላውድኮንቨርት ወይም አይላቭፒዲኤፍ ከዚህ አይወጡም። ሥራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ፋይሉ ውስጡ ምን እንደያዘ ሳይታይ ስለሚላክ ነው። አማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፒዲኤፍ ላይ ደግሞ ይህ ጎልቶ ይታያል።

ስለዚህ አፕሎድ ከማድረግዎ በፊት ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ያድርጉ። ፒዲኤፉን ከፍተው አንድ መስመር ይምረጡ፣ ኮፒ ያድርጉና ኖትፓድ ላይ ፔስት ያድርጉት።

አማርኛው እንዳለ ከወጣ ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የተጻፈ ነው፤ ደህና የሚባል መቀየሪያ ሁሉ ይሠራዋል። እንዲያውም ወርድ 2013 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ካለዎት ፒዲኤፉን ራሱ ወርድ ይከፍተዋል፣ ድረ ገጽ አያስፈልግዎትም። ሲከፈት በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ቢደረደሩ አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ሁሉንም መርጠው ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይቀይሩት።

ፔስት ሲያደርጉ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርጉም የለሽ ነገር ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ የአማርኛ ፎንቶች የፊደሉን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ዓይን አማርኛ ያነባል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው ላቲኑን ነው። መቀየሪያው ያንኑ ላቲን ወደ ወርድ ያሻግራል፣ ድረ ገጹን ቢለዋውጡም ለውጥ አያገኙም። የመጀመሪያው ፎንት ኮምፒውተርዎ ላይ ካለ ጽሑፉን መርጠው እሱን ሲሰጡት አማርኛው ተመልሶ ይታያል፤ ሌላ ሰው ጋ ሲሄድ ግን ያው ይበላሻል። ዘላቂው መፍትሔ ገጹን እንደ ፎቶ ቆጥሮ በኦሲአር፣ ማለትም ፎቶ ላይ ያለውን ፊደል አንብቦ ወደሚታረም ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም፣ ማስነበብ ነው።

መስመሩ አልመረጥም ካለም የያዙት የስካን ፎቶ ነውና መፍትሔው ይኸው ኦሲአር ነው። ተራ መቀየሪያ እንዲህ ያለውን ፋይል ፎቶው የተለጠፈበት ወርድ አድርጎ ይመልስልዎታል፤ ተቀይሯል ቢልም አንድ ቃል ማረም አይችሉም።

ለኦሲአር ጎግል ድራይቭ ይበቃል። ፋይሉን ድራይቭ ላይ ካስገቡ በኋላ በቀኝ ክሊክ «ኦፕን ዊዝ»፣ ቀጥሎ «ጎግል ዶክስ» ይበሉ። ጎግል የሚመክረው ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት እንዳይበልጥ፣ የፊደሉም ቁመት ቢያንስ 10 ፒክስል እንዲሆን ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን የተደረገ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ገደማ ስለሚሆን ለንባብ ምቹ ነው። ፋይሉ ከከበደ ከቀለም ወደ ግራጫ ይቀይሩት፣ ወይም ገጾቹን ከፋፍለው ያስገቡ። ገጹ ዘሞ ከሆነ አስቀድመው ያቅኑት። ሠንጠረዥና በሁለት ዓምድ የተጻፈ ገጽ ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል፤ ዓምዱን ለየብቻ ቆርጦ ማስገባት ያድናል። ውጤቱን ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። በ፣ ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ስለሆነ ማሽኑ በቀላሉ ያምታታቸዋል። ስሞችንና ቁጥሮችን አንድ በአንድ ያመሳክሩ፣ እዚህ ላይ ስንፍና ዋጋ ያስከፍላል።

የአማርኛ ስም ዝርዝር ያለበትን ኤክሴል ወደ ሲኤስቪ (ሠንጠረዡን በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ፎርማት) ሲቀይሩም ተመሳሳይ ጉዳት አለ፤ ስሞቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይቀራሉ። ሴቭ ሲያደርጉ ተራውን ሲኤስቪ ትተው «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ። ዋናውን ኤክሴል ደግሞ አያጥፉ፤ አንዴ የጥያቄ ምልክት የሆነ ፊደል ከዚያው ፋይል አይመለስም።

ፎቶና ድምፅ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ጄፔግ ወደ ፒኤንጂ ቢቀየር ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ምስሉ አይጠራም። 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 ወደ 320 ቢያድግም የጠፋው ድምፅ አይመለስም። የፋይሉን ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ነጥብ በኋላ ያለውን) ብቻ መለወጥም መቀየር አይደለም፤ ውስጡ ያው ነው።

አፕሎድ ያደረጉት ፋይል የሰው ሰርቨር ላይ እንደሚያርፍ አይርሱ። መታወቂያ፣ የሕክምና ውጤት፣ የባንክ ወረቀት፣ ውል ያለበትን ፋይል እዚያ አይላኩ። እንዲህ ያለውን በራስዎ ኮምፒውተር በወርድ ወይም በነፃው ሊብረኦፊስ ይሥሩት። ወርዱን ወደ ፒዲኤፍ ለማድረግማ «ሴቭ አዝ» ብሎ ፒዲኤፍ መምረጥ ብቻ ይበቃል።

ሌላው አደጋ የሚመጣው ሲያወርዱ ነው። የኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮ በማርች 2025 እ.ኤ.አ. ነፃ የፋይል መቀየሪያ መስለው ቫይረስ የሚያሰራጩ ድረ ገጾች እንዳሉ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ አድራሻውን ፊደል በፊደል ይዩ፤ የፍለጋ ውጤት አናት ላይ በማስታወቂያ የወጣውን አይመኑ። ዊንዶውስ 11 ላይ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው»፣ «ሾው»፣ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ብለው የፋይሎች ቅጥያ እንዲታይ ያድርጉ። ወርድ ጠይቀው የመጣልዎት ፋይል መጨረሻው ኢኤክስኢ ወይም ኤምኤስአይ (የፕሮግራም ፋይል ቅጥያዎች) ከሆነ፣ ወይም ድረ ገጹ መጀመሪያ ፕሮግራም ይጫኑ ካለ፣ ሳይከፍቱ ያጥፉት። ከፍተውት ከሆነ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፣ ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ ያስፈትሹ፣ የይለፍ ቃሎችዎንም ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ይቀይሩ።