ባቲ ላይ ድንኳን ስንተክል፦ ልጆች ይዞ ቆላ ለሚወርድ ቤተሰብ

በየዓመቱ ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ልጆቹ ፈተና ጨርሰው ትምህርት ሲዘጋ፣ ከደሴ ወደ ባቲ እንወርዳለን። የባለቤቴ አክስት ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ መሬት አላቸው። ድንኳናችንን እዚያ ተክለን አራት አምስት ሌሊት እናድራለን። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ነገር ነው። ከዘመዶቻቸው ጋር ፍየል ያግዳሉ፣ ማታ ኮከብ ይቆጥራሉ፣ ሰኞ ሲሆን ገበያ ወርደው ግመል ያያሉ።

ግን ቆላ ነው። ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ባቲ ደግሞ 1,500 አካባቢ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳችሁ፣ ኮምቦልቻን አልፋችሁ ባቲ እስክትደርሱ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ለዚህ ብቻ ሙቀቱ ስድስት ሰባት ዲግሪ ይጨምራል። ጠዋት ሹራብ ለብሶ የወጣ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ከነቴራውም ይከብደዋል። ሰውነት ደግሞ ሙቀት እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እኛ የምንቆየው አምስት ቀን ነው። ስለዚህ «ስንቆይ እንለምደዋለን» ብላችሁ አትውረዱ። ሳትለምዱት ነው የምትመለሱት።

በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላወቅሁም። ድንኳኑን ገላጣ ሜዳ ላይ ተከልነው፤ ነፋስ ያገኛል፣ ተራራውም ይታያል ብለን። በሁለተኛው ቀን ትንሿ ልጄ ኳስ ስትጫወት ቆይታ ስድስት ሰዓት ላይ መጣች። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። «እማ፣ ራሴን አመመኝ» አለችኝ። ፊቷ ነጥቷል። አንገቷ በላብ ርሷል፤ እጇን ስይዘው ግን ቀዝቀዝ ይላል። ትረፍ ብዬ ድንኳን ውስጥ አስተኛኋት። ዝንብ እንዳይገባባትም ዚፑን ዘጋሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዚፑን ስከፍት፣ አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ እንደሚመታው ያለ ሙቀት ወጣ። ልጄ አስመልሳለች።

አክስታችን ከደጃቸው አይተው ሮጠው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ምን ታደርጊያታለሽ? አውጫት!» አሉኝ። አቅፈው ሾላው ሥር ወሰዷት። ጫማዋን አወለቁላት። ሽርጥ ውሃ ውስጥ ነክረው አንገቷና ብብቷ ሥር አደረጉ፤ በሰፌድ ያራግቡላት ጀመር። ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ሰጧት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነስታ ቁጭ አለችና ሀብሀብ ጠየቀች። የኔ እጅ ግን እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ድንኳን የሌሊት ቤት ነው። ቀን ማንም አይግባበት፤ የታመመ ሰው ደግሞ ፈጽሞ። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቀን የምትውሉበትን ዛፍ ነው። ዛፍም ዛፍ አለው። የግራር ጥላ ወንፊት ነው፤ ፀሐዩ በቅጠሉ መሃል ያልፋል። ሾላ ወይም ሁመር ካገኛችሁ ግን ታድላችኋል። ጥላው ይዞራል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያያችሁት ጥላ 8 ሰዓት ላይ የለም። ደርሳችሁ ዕቃ ከማራገፋችሁ በፊት ለአገሩ ሰው «ከሰዓት ጥላው ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥላው ካልበቃ ሸራ ወጥሩ። ሸራውን ድንኳኑ ላይ አታልብሱት፤ ከፍ አድርጋችሁ በገመድ ወጥሩት፣ በመሃል ነፋስ ይለፍበት። ላስቲክ አይሆንም፣ ያፍናል።

ድንኳኑን ከዛፉ ወይም ከጉብታው በስተምዕራብ በኩል ትከሉት። የማለዳው ፀሐይ ዘግይቶ ይደርስበታል፤ ልጆቹም አንድ ሰዓት ያህል ጨምረው ይተኛሉ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ግን፣ አሸዋው የቱንም ያህል ቢያምር፣ አትትከሉ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥላል፤ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ጠብታ ሳይወርድ ሌሊት ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። በዚህ ጉዳይ አክስታችንም ሆኑ ጎረቤቶቻቸው ቀልድ አያውቁም።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። የቆላ ሰው ቀኑን ለሁለት ይከፍለዋል፤ እናንተም እንደሱ አድርጉ። እኛ 12 ሰዓት ሳይሞላ እንነሳለን። መራመድ፣ ኳስ፣ ገበያ፣ እንጨት ለቀማ፣ ሁሉም ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ያልቃል። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ከጥላ አንወጣም። ሰሌን አንጥፈን እንጋደማለን፣ ካርታ እንጫወታለን፣ ታናናሾቹ ይተኛሉ። ልጆች መጀመሪያ ይነጫነጫሉ። እሺ አትበሏቸው። ልጅ ጨዋታ ከያዘ መድከሙን አይነግራችሁም፤ የምታውቁት ሲወድቅ ነው። የቡናውንም ሰዓት ቀይረነዋል። ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ጠዋት እንጨርሳለን፤ እኩለ ቀን ላይ እሳት አይነድም። ጫት የሚቅም ዘመድ ካለም ቀን ላይ ባይቅም ይሻለዋል። ጫት የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል።

ውሃ ላይ አትሰስቱ። እኛ አምስት ነን፤ በቀን ሦስት ጀሪካን፣ ማለትም 60 ሊትር እንይዛለን። ሁለቱ ለመጠጥና ለምግብ፣ አንዱ ለገላ። የገላውን ውሃ እንደ ቅንጦት አትዩት። ላብ ብቻውን አይበቃም፤ ክንድና አንገት በየጊዜው ሲረጥብና ነፋስ ሲያገኘው ነው ሰውነት የሚቀዘቅዘው። በጣም በሚሞቅ ቀን ደረቅ ገላን ብታራግቡት የምትሰጡት ሙቅ አየር ነው። መጀመሪያ አርጥቡት፣ ከዚያ አራግቡት።

ጀሪካኑ እንዳይሞቅ ይህን አድርጉ። ጆንያ ውሃ ነክራችሁ አልብሱት፤ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ጆንያው ሲደርቅ እንደገና አርጥቡት። ከሰዓት በኋላ ከዚያ የምትቀዱት ውሃ እንስራ ውስጥ እንዳደረ ውሃ ነው የሚሆነው። ከደሴ ስንነሳ ደግሞ አራት ሃይላንድ ውሃ በረዶ አድርገን በጋቢ ጠቅልለን እንይዛለን። እስከ ማግስቱ ይቆየናል። አንገት ላይ ለማድረግም ያገለግላል። ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ የቀዳችሁትን ግን በነጠላ አጥልላችሁ፣ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጨምራችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አትጠጡ። ሙቀት ላይ ተቅማጥ ከተጨመረ ልጅ ቶሎ ይደርቃል።

ልጆች እስኪጠማቸው አትጠብቁ። ሲጫወቱ በየግማሽ ሰዓቱ ጠርተን አንዳንድ ስኒ እናጠጣቸዋለን። ሽንታቸውንም እጠይቃለሁ። ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ ጨዋታ የለም፣ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ብዙ ያላበው ሰው ጨውም ያጣል። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን፣ በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ከፋርማሲ ይዛችሁ ውረዱ። ካለቀባችሁ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን እንጂ አይቆለል። ጨው በዝቶበት ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ድፉትና እንደገና ሥሩ።

ምግቡ ቀላል ይሁን። በሶ፣ ሽሮ፣ ሎሚ፣ ሀብሀብ። ሥጋ በዚያ ሙቀት አያድርም፤ የታረደው በዕለቱ ይበላ። የግመል ወተት ከሰጧችሁ አፍልታችሁ ጠጡ።

ማታ ከድንኳን ውጪ መተኛት ያጓጓል፤ እኛም እናደርገዋለን። አጎበር ከሌላችሁ ግን አትሞክሩት፤ የወባ አገር ነው። አጎበሩን ከዛፉ ቅርንጫፍ አንጠልጥለን ጫፉን ሰሌኑ ሥር እንከተዋለን። ጠዋት ጫማ ሳይራገፍ አይደረግም፤ ጊንጥ አለ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ እባካችሁ ይህን በቃላችሁ ያዙት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብ፣ የፊት መንጣት፣ የእግር ጡንቻ መኮማተር ካያችሁ ያኔውኑ ጥላ፣ ልብስ ማላላት፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ ትንሽ በትንሽ ማጠጣት። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሻለዋል። ሰውየው ከቀባጠረ፣ የት እንዳለ ካላወቀ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከወደቀ ግን ሌላ ነገር ነው። ላቡ ቆመም አልቆመም፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ያላችሁን ውሃ ሁሉ ገላው ላይ አፍስሱ፣ አራግቡ፣ መኪናውን አስነሱ። መስኮት ከፍታችሁ፣ መንገድ ላይም እያረጠባችሁ ሆስፒታል አድርሱት። ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡ። ፓራሲታሞል ለዚህ አይሠራም፤ በሱ ጊዜ አትፍጁ።

ለዚህም ብለን መኪናችን ሁልጊዜ ለመውጣት ዞሮ ነው የሚቆመው። ልጅ ግን ለአምስት ደቂቃም ቢሆን መኪና ውስጥ አይቀርም። የተዘጋ መኪና በአሥር ደቂቃ ውስጥ አሥር ዲግሪ ያህል ይጨምራል።

እናቴን ይዤ የወረድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ነው። ከመውረዳችን በፊት ሐኪሟን ጠየቅን፤ ሙቀቱ እስኪያልፍ ድረስ ሳትወርድ ብትቆይ ይሻላል አለን፤ እኛም ቆይተን ወረድን። እናንተም የምትወስዱት አዛውንት ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም እንዲሁ፤ እኛ ለአክስታችን ሳንደውል አንነሳም።

ስንመለስ ገና ጎህ ሲቀድ ነው ድንኳን የምንነቅለው። ሹራቦቹን ከሻንጣው ላይኛው በኩል አስቀምጧቸው። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ላብ የነካውን ከነቴራ ለልጆቹ ቀይሩላቸው። ሐረጎን ስትወጡ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ የኔዋ ትንሿ ዘንድሮ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ስንደርስ ነው «እማ፣ መስኮቱን ዝጊው» ያለችኝ።