ያገለገለ አውቶሞቢል ደሴ ላይ ሲገዙ፦ ሐረጎ የሚያወጣው ችግርና መፍትሔው

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የነዳጅ መኪና ገዢ የሚያማርጠው እዚሁ ካሉት መኪኖች ነው። አሮጌው ይቀባል፣ ሞተሩ ይታጠባል፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ይለብሳል። ቆሞ የሚታይ መኪና ችግሩን አይናገርም። ችግሩን የሚያወጡት ሙቀትና ዳገት ናቸው፤ ወሎ ደግሞ ሁለቱም አሉት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በሁለቱ መካከል ያለው የሐረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻጩ አብሮ ወርዶ አብሮ እንዲወጣ ይጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።

ይዘው የሚሄዱት ብዙ አይደለም፦ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ነጭ ሶፍት፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ካርቶን። የኮድ ማንበቢያ (መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ምልክት የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ባለሙያ ካገኙ ይጨምሩ።

ጠዋት ደሴ ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ

ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሞቅ ብሎ ከጠበቀዎት ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ብርድ ላይ የሚታየውን ሁሉ አሳልፎብዎታል። በሌላ ቀን ተመልሰው ይምጡ።

ቁልፉን አዙረው ሳያስነሱ የዳሽቦርዱን መብራቶች ይቁጠሩ። የሞተር፣ የዘይትና የባትሪ ምልክቶች መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ይጠፋሉ። የሞተሩ ምልክት ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ወጥቷል ወይም ተሸፍኗል ማለት ነው። ያ የሚደረገው ማስጠንቀቂያው አልጠፋ ሲል ነው። ምልክቱ እንዲሠራ ተደርጎ ኮዱ ሳይነበብ ዋጋ አይነጋገሩ።

*ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የብረት መንኳኳት ይሰማል።* ካቴና (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅስ የብረት ሰንሰለት) ያለው ሞተር ከሆነ (ቪትዝና አዳዲሶቹ ኮሮላዎች እንዲህ ናቸው) ካቴናው ረዝሟል ወይም ወጣሪው ደክሟል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓቱ ያልተቀየረ ዘይት ነው። መፍትሔው ካቴናውን፣ ወጣሪውንና ካቴናውን የሚመሩትን ላስቲኮች በአንድ ላይ መቀየር ነው፤ ካቴናውን ብቻ ቀይሮ መተው ድምፁን በጥቂት ወር ይመልሰዋል። በካቴና ፋንታ ቺንጊያ (የላስቲክ ቀበቶ) ባለው አሮጌ ኮሮላ ላይ ግን ድምፅ የለም፤ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበትና የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት፤ ሒሳቡንም ከዋጋው ያስቀንሱ።

*በዘይት መሙያው ክዳን ውስጥ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ይታያል።* ብዙ ሰው ይህን አይቶ ጉርኒሲዮን (በሞተሩ አካልና በራሱ መካከል ያለው መዝጊያ) ተቃጥሏል ይላል። በደሴ ብርድ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ክዳኗ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ እሱ ብቻውን አይፈረድበትም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በነጭ ሶፍት ይጥረጉ። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይትም ከነጣ፣ ወይም ራዲያተሩ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ ያለማቋረጥ አረፋ ከተፋ፣ እውነትም ጉርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። መፍትሔው ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) አውርዶ ማስለካት፣ ከተጣመመ ማስላጥና ጉርኒሲዮኑን መቀየር ነው። ሥራው ትልቅ ስለሆነ ሌላ ምርጫ ካለዎት ይተዉት። (የራዲያተር ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው።)

*የሙቀት መርፌው ከ15 ደቂቃ በኋላም ከታች አልነሳም።* ይህን ልብ ይበሉ። ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ማድበስበሻ ነው። ያለ ቴርሞስታት ውሃው ሁልጊዜ ይዞራል፤ መርፌው ዝቅ ይላል፣ ገዢም ይደሰታል። ሞተሩ ግን ሁልጊዜ ብርድ ላይ እየሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ፋሻም (የፒስተኑን ቀለበቶች) ያስበላል። ማረጋገጫው ቁልቁለቱ ነው፦ ጋዝ ሳይረገጥ ሲወርድ መርፌው ይበልጥ ከወደቀ ቴርሞስታት የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ነው። አዲስ ያስገጥሙና ዳገቱን እንደገና ይሞክሩ፤ የመጀመሪያው ችግር የዚያን ጊዜ ይገለጣል።

ቁልቁለቱ

በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ እግርዎን ከጋዙ ላይ አንስተው ይውረዱ። መንገዱ ቀና ሲል ጋዙን ሲረግጡ ከኋላ የሚከተል ሰው ጭሱን ይይ።

*ጋዝ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ይጠፋል።* ጋዝ ተዘግቶ ሞተሩ ሲጎተት ውስጡ መምጠጥ ይበረታል፤ የደረቀው የቫልቭ ላስቲክ ዘይት ያሳልፋል። ላስቲኮቹን መቀየር መካከለኛ ሥራ ነው፤ መኪናው በዚህ ምክንያት ብቻ አይጣልም። በዳገት ላይ ጋዝ በተረገጠ ቁጥር ሳይቋረጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ግን ከፋሻ ነው፤ ያ ሞተር ሙሉ እድሳት ይጠብቀዋል።

*ሐረጎን ሲጨርሱ የፍሬኑ ፔዳል ይሰምጣል፣ ስፖንጅ ይሆናል።* የፍሬን ዘይቱ ውሃ ጠጥቷል። ዶት 3 ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ የጋለው ፍሬን እዚያ ይደርሳል፣ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጨመቅ ይታጠፋል እንጂ አይገፋም። በዚያው ቁመው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። መፍትሔው ሙሉ ዘይቱን መቀየርና ከአራቱም ጎማ አየር ማስወጣት ነው፤ ርካሽ ሥራ ነው፣ ግን ሳይሠራ መኪናው በዚያ መንገድ አይነዳ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መሪው ብቻ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ሲቆሙ እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬ ያስጠጉ፣ አይንኩ፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚጋረፈው ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል።

ኮምቦልቻ ላይ

ሙቀቱን ይጠቀሙበት። ቆመው ሞተሩ እየሠራ፣ ኤሲም ካለው አብርተው 10 ደቂቃ ይቆዩ። የራዲያተሩ ፋን በራሱ መነሳት አለበት። መርፌው እየወጣ ፋኑ ካልተነሳ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የሙቀት ሴንሰር ወይም ራሱ ፋኑ ነው። ፋኑ በማብሪያ የሚነሳ ሆኖ ከተቀጠለ ችግሩ ሳይፈታ ታልፏል።

መሪውን እስከ ጥግ አዙረው ቀስ ብለው ሲሄዱ *ቀጭ ቀጭ* ካለ የሴሚያሱ (ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ጫፍ ተበልቷል፤ ላስቲኩ ተቀዶ አፈር ገብቶበታል። ላስቲኩ ብቻ የተቀደደና ድምፅ የሌለው ከሆነ በላስቲክና በግሪስ ይድናል።

ማግኔቱን በፓራፋንጎና በበር ሥር ያስጠጉ። የማይዝበት ቦታ ላሜራው በስቱኮ ተሞልቷል። መጠነኛ ስቱኮ አያስፈራም። የሚያስፈራው ኮፈኑ ሥር ባለው የፊት ሻንሲ ላይ የሚታይ የእጅ ብየዳና በበሩ ዙሪያ የማይመሳሰል ክፍተት ነው፤ ሻንሲው የተቀጠለ መኪና በምንም ዋጋ አይገዛም።

*መሪው ግራ ነው፣ የፊት መብራቱ ግን ግድግዳ ላይ ሲበራ በግራ በኩል ከፍ ይላል።* ይህ መኪና የተሠራው በግራ ለሚነዳ አገር ነው፤ መሪው በኋላ ዞሯል። ሌላው ማስረጃ የሻንሲ ቁጥሩ ነው፦ የአውሮፓው 17 ፊደልና ቁጥር አለው፣ የጃፓኑ ቪትዝ ግን እንደ ኤስሲፒ10 በመሰለ አጭር ኮድ ይጀምራል። የዞረ መሪ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ወሳኙ አዟዟሩ ነው። በባትሪ ከፔዳሉ ሥር ይመልከቱ፦ መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተሠራ ትክክለኛ የመሪ ሳጥን ገብቶ፣ ብረቱ ተስተካክሎ ተበይዶና ዝገት መከላከያ ተቀብቶ ከሆነ ጥሩ ነው። በሰንሰለት ወይም በተቀጠለ ዘንግ ከዞረ በመንገድ ላይ ሊለያይ ይችላልና እዚያው ይተዉት። መብራቱም በቀኝ ለሚነዳ አገር በተሠራ ይቀየር፤ ካልተቀየረ ሌሊት ሐረጎ ላይ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል።

ዳገቱ

*ግማሽ ሳይወጣ መርፌው ወደ ቀይ ይሄዳል።* ከርካሹ ይጀምሩ፦ የራዲያተሩ ክዳን። በደሴ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በ90 አካባቢ ነው። ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያወጣዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ዝቅተኛ አገር ላይ ሳይታወቅ ይኖራል፣ ጦሳ ተራራ ሥር ደሴ ላይ ግን ያፈላል። ክዳን ተቀይሮም ከጋለ በውሃ ዝገት የተደፈነ ራዲያተር፣ ቀጥሎ የውሃ ፖምፓ፣ መጨረሻ ላይ ጉርኒሲዮን ይጠረጠራል።

*የሞተሩ ዙር ይወጣል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም።* በእጅ ማርሽ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ዲስክ፣ ፕሬሽርና ኩሽኔታ በአንድ ላይ ይቀየራሉ። አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮውን ዘይት ያሽትቱ፤ የተቃጠለ ሽታና ጥቁር ቀለም ካለው ዘይት በመቀየር አይድንም።

ጉልበት ማነስ ግን ሁሉ ብልሽት አይደለም። ተርቦ የሌለው ሞተር በ2,500 ሜትር ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት) ልኬትም እንዲሁ ይወርዳል፦ መጽሐፉ 190 ፒኤስአይ የሚለው ሞተር ደሴ ላይ 140 ቢያሳይ አይደንግጡ። ማየት ያለብዎት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ14 ፒኤስአይ በላይ ከተለያዩ ዝቅ ባለው ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ከወጣ ፋሻ ነው፤ ካልወጣ ቫልቭ ወይም ጉርኒሲዮን።

ውስጡና ወረቀቱ

ምንጣፉን አንስተው ከሥሩ ይዳብሱ። ጣራው የሚከፈት መኪና በአራቱ ጥግ ውሃ ማውረጃ ቱቦ አለው፤ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን የሐምሌ ዝናብ ወደ ወለሉ ይገባል፣ ሽቦና ላሜራ ያበላሻል። አንድ ብርጭቆ ውሃ በጥጉ አፍስሰው ከመኪናው ሥር ሲወርድ ይዩ። ካልወረደ ቱቦው በቀጭን ናይለን ክር ቀስ ብሎ ይጠረጋል፤ በጠንካራ አየር መንፋት ቱቦውን ከመጋጠሚያው ይነቅለዋል።

የጎማውን ዕድሜ በጎኑ ካለው አራት አኃዝ ያንብቡ፦ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አንብበው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ቁጥሩ የተፋቀ ከመሰለ ሥራው እዚያ ላይ ይቁም። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት የሚነግርዎት ደላላው አይደለም፤ ፋይሉ ያለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው። ቀብድ የሚከፈለው ከዚያ መልስ በኋላ ነው።