ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ልጅ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ቤት ውስጥ እንዴት እንንከባከበው?

ልጁ ትኩሳትና ሳል ይዞት ቆይቶ ማስመለስ ሲጀምር ቤቱ ይታመሳል። አንዱ «ምች መትቶት ነው» ይላል፣ ሌላው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይላል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ትንንሽ ልጆችን ሲይዝ ከአዋቂ ይልቅ ሆዳቸውንም ያውካል። ትውከቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይበርድለታል። የሚያሰጋው በዚያ መሃል ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃ ነው። ትኩሳቱ በላብና በትንፋሽ ውሃ ያስወጣል፣ ትውከትና ተቅማጥ ይጨመሩበታል። ጉሮሮው ስለሚያመው ደግሞ መጠጣት አይፈልግም።

1. በሽታውን ለመለየት ሞክሩ፣ ግን ጊዜ አታጥፉበት

ድንገተኛ ትኩሳት፣ ሳልና ድካም ቀድመው ከመጡ ኢንፍሉዌንዛ ሊሆን ይችላል። ሳል ሳይኖር በብዛት ቀጭን ተቅማጥ ካለ እንደ ሮታ ያለ የአንጀት ቫይረስን ጠርጥሩ። በኢትዮጵያ የሮታ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል፤ ኢንፍሉዌንዛን ግን አይከላከልም። በሁለቱም ቢሆን ቤት ውስጥ የምትሠሩት ሥራ አንድ ነው፦ ውሃውን መተካት።

2. ኦ.አር.ኤስ. በጥብጡ

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ነው፤ ከጤና ጣቢያም ከፋርማሲም ይገኛል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በአገራችን የተለመደው ከረጢት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚሆን ነው፤ ውጭ አገር ለ200 ሚሊ ሊትር የተዘጋጀ ስለሚሸጥ ጽሑፉን አንብቡ። መለኪያ ከሌላችሁ ባለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ሞልታችሁ ገልብጡ። ከረጢቱን በግምት ለሁለት ከፍሎ መበጥበጥ፣ ወይም እንዲጣፍጥ ብሎ ስኳር መጨመር አይሆንም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

3. በማንኪያ፣ ቀስ ብላችሁ ስጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጠማው ልጅ ኩባያውን ቀምቶ ይጨልጠዋል፣ ወዲያው መልሶ ያወጣዋል፤ ከዚያ «ምንም አልረጋለትም» ተብሎ ይተዋል። ካስመለሰ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በየ2 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ስጡት። ማንኪያው 5 ሚሊ ሊትር ከያዘ በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ገባለት ማለት ነው፤ ወደ ሁለት የቡና ሲኒ ይጠጋል። እጅ ያደክማል፣ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ተራ መግባት ያስፈልጋል። ማንኪያ እንቢ ካለ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወስዳችሁ በጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ አድርጉለት።

ካስቀመጠው ደግሞ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ከ50 እስከ 100፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥም፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ፣ ለአጭር ለአጭር ጊዜ ይጥባ። እናትየው ራሷ ጉንፋን ቢይዛትም ማስክ አድርጋ ታጥባው። ለስላሳ መጠጥና የታሸገ ጁስ ስኳራቸው ተቅማጡን ያባብሳል፣ ተዉት። ትውከቱ ጋብ ሲል ምግብ ከጀመረ ደግሞ አትከልክሉት፤ አጥሚትም፣ ሾርባም፣ የለመደውም ምግብ ይሆናል።

4. መድኃኒቱን በጥንቃቄ

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። መጠኑ በኪሎ ነው፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይወስዳል። የሽሮፖች ጥንካሬ ስለሚለያይ «አንድ ማንኪያ» በሚል ብቻ አትተማመኑ።

አስፕሪን በፍጹም። ኢንፍሉዌንዛ በያዘው ልጅ ላይ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድሮም የሚባል ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። አይቡፕሮፌንም ውሃ ያነሰውን ልጅ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ይቅር። ተቅማጥ ማቆሚያ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ እንዲያውም ራሱ ሊያስቀምጠው ይችላል። ተቅማጥ ካለ ግን ዚንክ ይረዳል፦ ከ6 ወር በላይ ለሆነ በቀን 20፣ ከዚያ በታች ለሆነ 10 ሚሊ ግራም፣ ለ10 ቀን።

ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ትውከትም ተቅማጥም አያቆሙም። ደምና ኢንፌክሽን ነው ትርፋቸው። ጎረቤት ቢጎተጉትም፣ አያት ቢቆጡም እሺ አትበሉ።

5. ሽንቱን ተከታተሉ

ዳይፐሩ በየስንት ሰዓቱ እንደሚርስ ጻፉ። 6 ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሕፃን ከሆነ ደግሞ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ ውሃ አንሶታል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ አትጠብቁ።

የሚከተሉትን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዱት፦

- የሰጣችሁትን ሁሉ ካስመለሰ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው
- ከፈዘዘ፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው
- ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ሆዱ ከጠነከረ
- ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፦ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት በደቂቃ 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ
- ጉንፋኑ እየተሻለው ሳለ ትውከቱ እንደገና ከባሰና ጠባዩ ከተለወጠ
- ከ2 ወር በታች ሆኖ ትኩሳት ካለው

ስትሄዱ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ለሐኪሙ መጨረሻ የሸናበትን ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰና ምን መድኃኒት መቼ እንደሰጣችሁት ንገሩት። በመንገድ ላይም ማንኪያውን አታቋርጡ፤ ነቅቶ መዋጥ እስከቻለ ድረስ።