ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ጎረቤት ስንሆን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወደ አሜሪካ ከመጣን ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ኑሮን የጀመርነው በጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር ነው። ቤት የተከራየነውም፣ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያስገባነውም ከእነርሱ ጎን ሆነን ነው። ሆኖም ስለ እነርሱ እርስ በርሳችን የምንነጋገረውን፣ በተለይም አዲስ ለመጣ ወገን የምንሰጠውን ምክር ስሰማ ልቤ ያዝናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ሥር የሆነው ራስን መለኪያ ማድረግ ነው። «እኔ በባዶ እጄ መጥቼ በሰባት ዓመት ቤት ገዛሁ፤ እነርሱ እዚሁ ተወልደው፣ ቋንቋውን እየቻሉ ምን ሆነው ነው?» የሚለው ንግግር ከቡና ላይ ጨዋታችን ጠፍቶ አያውቅም። እኔም እንዲህ እል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጡኝ በዋሽንግተን ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አረጋዊት ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። አንድ ቅዳሜ የቤታቸውን የድሮ የሽያጭ ውል ግልባጭ ምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው አንዱን አንቀጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። ቤቱ ለማንኛውም ኔግሮ እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ በስጦታም እንዳይተላለፍ ይከለክላል። በታይፕ የተጻፈ፣ የተፈረመበት ሕጋዊ ወረቀት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ክልከላ ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም እንደማይችሉ የወሰነው በ1948 ነበር። ከዚህም ሌላ፣ በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ለባንክ የቤት ብድር ዋስትና ሲሰጥ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሠፈሮች አደገኛ እያለ ያልፋቸው ስለ ነበር፣ ሌላ የመንግሥት የብድር ድርጅት ባሠራቸው ካርታዎች ላይም እነዚሁ ሠፈሮች በቀይ ተቀብተው ስለ ነበር፣ ነጩ ሠራተኛ በአነስተኛ ቅድመ ክፍያና በረጅም ጊዜ ብድር የቤት ባለቤት ሲሆን፣ ጥቁሩ ደመወዙ እኩል ሆኖ እንኳ ኪራይ ሲከፍል ኖረ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የሚደረግን አድልዎ የከለከለው ሕግ የተፈረመው በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተራ ቤተሰብ ለልጁ የሚያወርሰው ትልቁ ሀብት ቤት መሆኑን ላወቀ ሰው፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባካሄደው ጥናት የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር ገደማ፣ የጥቁሩ ግን 44,900 ዶላር ገደማ ሆኖ መገኘቱ እንቆቅልሽ አይሆንበትም።

እኛ ደግሞ በእውነት ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ዲቪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀ ወይም የተወሰነ የሥራ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ ቲኬት የቆረጠልን ዘመድ፣ ሳሎኑን የለቀቀልን ወዳጅ፣ የመጀመሪያዋን መኪና የገዛንበት ዕቁብም ነበረን። ይህን መናገር ድካማችንን አያሳንሰውም፤ በእኛ ልክ ሌላውን መመዘን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

«የዘር ጉዳይ የእነርሱ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ማለትም ያው ስህተት ነው። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ የኮታ አሠራር የተሻረው በ1965፣ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ የሲቪል መብት ታጋዮች ደማቸውን ባፈሰሱበት ዘመን ነው። እኛ የገባንበትን በር ከከፈቱት እጆች መካከል የእነርሱ እጅ አለ። በሩን ከገባን በኋላም ቆዳችን አብሮን ነው። በኅዳር 1988 በፖርትላንድ ከተማ ወጣቱን ሙሉጌታ ስራውን በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው የገደሉት ነጭ ዘረኞች የጠሉት ጥቁርነቱን ነበር። ቤተሰቡን ወክለው የመብት ተሟጋቾች በመሠረቱት ክስ በ1990 የጥላቻው አራማጆች ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍሉ ተፈርዶባቸዋል።

ስለ ቃላት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «ባሪያ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ስላልነው ማንም አይሰማንም ብለን የምናስብ ካለን ተሳስተናል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጃችን ይሰማል። ያ ልጅ ትምህርት ቤት ጥቁር ተብሎ ውሎ፣ ማታ አባቱ የክፍል ጓደኛውን በዚያ ቃል ሲጠራ ምን ብሎ ይረዳው? ቃሉን ይዘነው የመጣነው ከአገር ቤት ነው፤ ባርነት በአገራችን በአዋጅ የታገደው በ1942 መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች የምንጠራበት «ቀይ ህንድ» የሚለው አጠራርም ሊቀር ይገባዋል። ናቫሆውን ናቫሆ፣ ቼሮኪውን ቼሮኪ ማለት ነው የሚሻለው፤ የዋሽንግተን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን እንኳ «ቀይ ቆዳ» የሚል ትርጉም ያለውን ስሙን በ2020 ትቶታል።

ሌላው ስህተት የመጣንበትን ሠፈር ታሪክ እንደሌለው ባዶ ቦታ ማየት ነው። በዋሽንግተን ዩ ስትሪት አካባቢ ምግብ ቤቶቻችን ሲበዙ፣ በ2005 ገደማ የዘጠነኛ ጎዳና አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» እንዲባል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ ከእኛም መካከል ቅናት ነው ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ዩ ስትሪት «ጥቁሩ ብሮድዌይ» እየተባለ ይጠራ የነበረ፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ ኪንግ ሲገደል በተነሣው የ1968ቱ ሁከት ተቃጥሎ ለዓመታት የማገገሙን ሸክም እነዚያው ነዋሪዎች የተሸከሙት መንደር ነው። ስማቸው ሊፋቅ ነው ብለው ቢሰጉ ምን ይገርማል?

ከዚያው ጎዳና በእግር በሚደረስበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና ተምረው በ1935 ተመርቀዋል፤ ጣልያን በወረረን ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ካስተባበሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙም እርሳቸው ነበሩ። አውሮፕላን አብራሪው ጆን ሮቢንሰንም ከቺካጎ ድረስ ለእኛ ሊዋጋ መጥቷል፤ የሞተውም አዲስ አበባ ላይ ነው። በዚያ ሠፈር ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ወገን የንግድ ምልክቱን ከመስቀሉ በፊት በረንዳቸው ላይ የተቀመጡትን አዛውንት ሰላም ብሎ፣ ይህ ቤት ቀድሞ ምን እንደ ነበር ይጠይቃቸው፤ ሲነግሩትም ቁጭ ብሎ ያዳምጣቸው።