የቪትዝ መሪ ሲንኳኳና ሲላላ፦ ያለቀ ታይሮድን ለይቶ የማወቂያና የመቀየሪያ መመሪያ

ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ ከፊት እግሩ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ቪትዝ ጋራዥ ሲገባ፣ ጎማው እንኳ ሳይነካ «ታይሮድ ነው» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔም ይህን ቃል አምኜ የግራና የቀኝ የውጪ ታይሮዶችን አስቀይሬ ስወጣ ድምፁ ምንም ሳይቀንስ አብሮኝ ቤት ገብቷል፤ በኋላ እንደታየው ያለቀው የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘውን ዘንግ ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ዘንግ) ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከመፍታቱ ይልቅ ከመፍታት በፊት ባለው ምርመራ ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

ምልክቱ

ታይሮድ የመሪ ሳጥኑን የግራና የቀኝ እንቅስቃሴ ወደ ጎማው የሚያደርስ ዘንግ ሲሆን፣ በየጎኑ ሁለት መገጣጠሚያዎች አሉት። አንዱ ጎማው አጠገብ በግልጽ የሚታየው የውጪው ነው። ሌላው በመሪ ሳጥኑ ጫፍ ላይ፣ እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈ የጎማ ሽፋን ውስጥ የተደበቀው ነው፤ የመለዋወጫ ሻጮች ይህን የውስጡን «ራክ ኢንድ» ብለው ይጠሩታል። ሁለቱም በግራሶ ውስጥ የሚሽከረከር ኳስ መሰል ራስ አላቸው፤ ይህ ራስ በልቶ ሲላላ መሪው በትንሹ ሲዞር ጎማው ወዲያውኑ አይታዘዝም፣ መኪናውም በቀጥታ መንገድ ላይ ሳይቀር ደጋግሞ ማረም ይጠይቃል።

ከሁሉም በላይ የሚናገረው ግን ጎማው ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጪ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጪ ያንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ አልፎ በሌላው እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ ጎማው እየተንከባለለ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን እየተፋቀም ነው ማለት ነው፤ ይህም የላላ ታይሮድ ወይም የተዛባ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) ምልክት ነው። በአንጻሩ በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ የሚመጣ የመሪ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ የባላንስ ጉዳይ ስለሆነ፣ ታይሮድ ከመግዛት በፊት ጎማዎቹን ባላንስ ማስደረግ ይቀድማል።

ለይቶ ማወቅ

የፊት ጎማው በክሪክ ተነስቶና መኪናው በመደገፊያ እግር ላይ አርፎ፣ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ጎኑ በሁለት እጅ ይዘው ይወዝውዙት። ቀጥሎ ከላይና ከታች ይዘው ያንኑ ይድገሙ። በጎን ሲይዙት ብቻ የሚላወስ ከሆነ ጥርጣሬው ታይሮድ ላይ ያርፋል፤ ከላይና ከታች ሲያዝ የሚላወስ ከሆነ ቦል ጆይንት (የጎማውን ተሸካሚ ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያገናኘው ኳስ) ወይም ኩሽኔታ ይመርመር፤ በሁለቱም የሚላወስ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው ይቅደም። ይህን ካዩ በኋላ አንድ ሰው ጎማውን በጎን እየወዘወዘ እርስዎ የውጪውን መገጣጠሚያ በጣት ይዳስሱ፤ ያለቀ ከሆነ ትንሿ መንኳኳት በጣትዎ ትሰማለች። የውጪው ዝም ካለ የተጣጠፈውን ሽፋን ጨመቅ አድርገው የውስጡን ራስ በሽፋኑ ላይ ይያዙት። የውስጡ ስለማይታይ የሚታለፍ ሲሆን፣ አዲስ የውጪ ታይሮድ ተገጥሞለት መሪው አሁንም የላላ መኪና ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ድምፁ መሪ ሳይዞር፣ በቀጥታ መንገድ ጉድጓድ ሲገባ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን የስታቢላይዘር ሊንኩን አስቀድሞ ማየት እኔ ያወጣሁትን ዓይነት ወጪ ያድናል።

መንስኤው

ታይሮድ ያለ ጊዜው የሚያልቀው በአብዛኛው ኳሱን የሚሸፍነው ጎማ ሲቀደድ ነው። በክረምት ጭቃማ ውሃ በቀዳዳው ገብቶ ግራሶውን ያጥባል፣ በበጋ አቧራው ይከተላል፣ ብረት ከብረት ጋር በአሸዋ መካከል ይፋተጋል። ላቫጆ ላይ ኃይለኛ የውሃ ግፊት በተቀደደ ሽፋን ላይ ማነጣጠርም ያንኑ ሥራ ያፋጥናል። ከጉድጓድ ጋር ያለ ኃይለኛ ግጭት ደግሞ ዘንጉን ሊያጣምም ይችላል፤ ከምት በኋላ መሪው በድንገት ዘንበል ብሎ ከቀረ ዘንጉን በዓይን ማየት ይገባል። የተጣመመ ታይሮድ ተቃንቶ አይገጠምም፤ ይቀየራል።

መግዛትና መቀየር

ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራው በቀኝ መሪ ነው። መሪው ወደ ግራ ተቀይሮ የመጣ መኪና የሌላ ሞዴል መሪ ሳጥን ተገጥሞለት ሊሆን ስለሚችል፣ የመኪናውን ሞዴል ዓመት ብቻ ነግሮ መግዛት አያዋጣም። አሮጌውን ፈትቶ ሶማሌ ተራ ይዞ መሄድ፣ የጥርሱን ውፍረት፣ ርዝመቱንና የራሱን መጠን ጎን ለጎን ማስተያየት ይሻላል። በቶዮታ አቆጣጠር 45046 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የቀኝ የውጪ፣ 45047 የግራ የውጪ፣ 45503 የውስጥ ታይሮድ ነው።

ጎማው ከመነሳቱ በፊት የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ ሳለ ያላሉ። ጎማውን ካወጡ በኋላ የውጪውን ታይሮድ ከውስጡ ዘንግ ጋር አጥብቆ ከሚይዘው ማቆያ ዳዶ እስከ ኳሱ መሃል ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ይጻፉ፣ ጥርሱ ላይም በቀለም ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ማቆያ ዳዶውን ጥቂት ብቻ ላላ አድርገው፣ መቆለፊያ ሽቦውን በፒንሳ ስበው አውጥተው የኳሱን ዳዶ ይፍቱ፤ ነገር ግን በጥቂት ጥርስ እንደተያዘ ይተዉት፣ መገጣጠሚያው በድንገት ሲለቅ ይይዘዋል። ማላቀቂያ መሣሪያ ከሌለ መዶሻው የሚያርፈው ኳሱ በገባበት የብረት ክንድ ጎን ላይ እንጂ በቡሎኑ ጫፍ ላይ አይደለም። አሮጌውን ሲያወጡ ዙሩን ይቁጠሩ፤ አዲሱንም በዚያው ዙር አስገብተው በተለካው ርቀት ያረጋግጡ። ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ ዙር ዘንጉን በዚያው ልክ ያረዝመዋል፤ ጎማው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ልዩነቱ በብዙ እጥፍ ይሰፋል።

የኳሱ ቡሎን የሚገባበት የብረት ክንዱ ሾጣጣ ቀዳዳ ተጠርጎ ደረቅ መሆን አለበት፤ ግራሶ አይቀባም። ዳዶው ሲጠብቅ የሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጨምረው ያጥብቁ እንጂ ወደኋላ አይመልሱ፣ አሮጌውን ሽቦም ደግመው አይጠቀሙ። የጎማ ዳዶዎቹ በ103 ኒውተን ሜትር በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠበቃሉ።

ልኬቱ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁበት መኪናውን አላይመንት እስኪገባ ድረስ ለማንቀሳቀስ ብቻ ነው። አላይመንት ሠሪው ዘንጉን ሲያዞር የተጣጠፈው ሽፋን አብሮ እንዳይጠማዘዝ የውጪ ማሰሪያውን እንዲያላላ ይንገሩት፤ የተጠማዘዘ ሽፋን ቶሎ ስለሚቀደድ የውስጡ ታይሮድ ለአቧራ ይጋለጣል። ሲወጡ በቀጥታ መንገድ ላይ መሪው ዘንበል ብሎ ከታየ፣ ሥራው የተሠራው መሪው መሃል ላይ ሳይታሰር ነውና እዚያው ተመልሰው ያስደግሙት።