«ማን ጠራህ?» ወይስ «ማንን ጠራህ?»፦ በእንግሊዝኛ የባለቤትና የተሳቢ ጥያቄ አመሠራረት

በአማርኛ «ማን ጠራህ?» እና «ማንን ጠራህ?» የሚሉት ጥያቄዎች የሚለያዩት በአንዲት «ን» ብቻ ነው። ግሡ በሁለቱም ላይ «ጠራህ» ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው የጠራው ሌላ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ የጠራው ራሱ ተጠያቂው ነው። እንግሊዝኛ ተሳቢን የሚያመለክት እንዲህ ያለ ቅጥያ በስም ላይ ስለማይጨምር፣ ይህንኑ ልዩነት የሚያሳየው በቃላት ቅደም ተከተልና «ዲድ»ን በመሰለ፣ ዋናውን ግሥ በሚያግዝ ረዳት ግሥ ነው፤ የመጀመሪያው «ሁ ኮልድ ዩ?» ሲሆን ሁለተኛው «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉትን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች እንደሚሰሙት አድርጌ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ሲለማመዱ ግን በላቲን ፊደል ደብተርዎ ላይ ቢገለብጧቸው ይመረጣል።

ብዙ ተማሪ ጥያቄውን በቀጥታ ከጥያቄ ቃሉ ለመጀመር ይሞክራል፤ ችግሩም የሚፈጠረው እዚያው ላይ ነው። የሚሻለው ከመልሱ መነሣት ነው። በመጀመሪያ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ዘ ሃይና ቢት ዘ ዶግ»፣ ማለትም ጅቡ ውሻውን ነከሰው። ቀጥሎ የማያውቁትን ክፍል በጣትዎ ይሸፍኑ። የተሸፈነው ከግሡ በፊት ያለው፣ ማለትም ባለቤቱ ከሆነ፣ በዚያው ቦታ ላይ «ዋት» ብለው ይተኩና ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይተዉት፤ «ዋት ቢት ዘ ዶግ?» ይሆናል። የተሸፈነው ከግሡ በኋላ ያለው ተሳቢ ከሆነ ግን ሦስት ነገሮችን ማድረግ ያስፈልጋል፤ የጥያቄ ቃሉን ወደ ፊት ማምጣት፣ ከእርሱ ቀጥሎ «ዲድ»ን ማስገባት፣ ግሡንም ወደ መነሻ ቅርጹ መመለስ። ውጤቱ «ዋት ዲድ ዘ ሃይና ባይት?» ይሆናል።

እዚህ ላይ «ቢት» ወደ «ባይት» የተመለሰበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል። የኃላፊ ጊዜን ምልክት በጥያቄው ውስጥ የሚሸከመው አንድ ግሥ ብቻ ነው። «ዲድ» ከገባ ኃላፊነቱን እርሱ ስለያዘው ዋናው ግሥ ባዶውን ይቀራል፤ «ዲድ» ካልገባ ግን ዋናው ግሥ ራሱ መያዝ አለበት። ስለዚህ «ዋት ዲድ ዘ ሃይና ቢት?» ማለት አንዱን ጊዜ ሁለት ቦታ መጻፍ ነው። በአሁን ጊዜም ሕጉ ያው ነው። በድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ቅመም ስለምትሸጥ ሴት ሲጠየቅ «ዋት ደዝ ሺ ሴል?» ይባላል፤ በግሡ መጨረሻ ላይ ይሰማ የነበረውን «ስ» የሚመስል ድምፅ «ደዝ» ስለወሰደው «ሴልስ» አይባልም። ስለ ባለቤቱ ሲጠየቅ ግን «ሁ ሴልስ ስፓይስ?» ተብሎ «ስ» በቦታው ይቆያል። ሻጮቹ ብዙ መሆናቸው ቢታወቅም እንኳ «ሁ» ግሡን እንደ ነጠላ ያስኬደዋል፤ እኛም «ማን ይሸጣል?» እንጂ «ማን ይሸጣሉ?» ስለማንል ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም።

ስሕተቱ ትርጉም የሚያፋልስ መሆኑን ለማየት አንድ ሁኔታ እንውሰድ። በሐረር ከጁጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ጅቦች ሲመገቡ ለማየት እንግዳ ይዞ የሚሄድ ወጣት አስጎብኚ፣ ጅቡ ማንን እንደነከሰ ለመጠየቅ ፈልጎ «ሁ ቢት ዘ ሃይና?» ቢል፣ እንግዳው የሚረዳው «ጅቡን ማን ነከሰው?» ብሎ ነው። የተፈለገው ጥያቄ «ሁ ዲድ ዘ ሃይና ባይት?» ነበር። በአማርኛ «ጅቡ ማንን ነከሰ?» ቢባል ወይም «ማንን ነከሰ ጅቡ?» ቢባል፣ «ን» ከ«ማን» እስካልተለየች ድረስ ነካሹ ጅቡ መሆኑ አይጠፋም፤ በእንግሊዝኛ ግን ቦታ ከተለዋወጠ ነካሹና ተነካሹም አብረው ይለዋወጣሉ።

እንግዲህ ጥያቄውን በልብዎ በአማርኛ ሲያስቡ «ማን» ከመጣልዎ ረዳት ግሥ አይጨምሩ፤ «ማንን» ከመጣልዎ ይጨምሩ። ይህ መፈተኛ ለ«ማን» እና ለ«የትኛው» በጣም የሚታመን ሲሆን፣ ለ«ምን» ግን አይበቃም። «ምን ሆነ?» ስንል «ምን» ባለቤት ነው፤ «ምን ገዛህ?» ስንል ተሳቢ ነው፤ ሆኖም በሁለቱም ላይ ተሳቢን የምታመለክተው ተጨማሪ «ን» አትታይም። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ዋት ሃፕንድ?»፣ ሁለተኛው «ዋት ዲድ ዩ ባይ?» ስለሆነ፣ «ምን» ባለበት ሁሉ ወደ መልሱ ተመልሶ የትኛው ክፍል እንደተሸፈነ ማየት ግድ ነው።

የጥያቄው ቃል ስም ተከትሎት ሲመጣ ስሙ ከጥያቄው ቃል አይነጠልም፤ ሁለቱ እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳሉ። «ዊች ትሬን ጎዝ ቱ ጅቡቲ?» ማለት የትኛው ባቡር ወደ ጅቡቲ ይሄዳል ማለት ሲሆን፣ የሚሄደው ባቡሩ ራሱ ስለሆነ ረዳት ግሥ የለውም። «ዊች ትሬን ዲድ ዩ ቴክ?» ሲባል ግን የትኛውን ባቡር ያዝክ ማለት ነው። በ«ሃው ሜኒ»ም እንዲሁ ነው፤ «ሃው ሜኒ ቱሪስትስ ኬም?» ስንት ጎብኚዎች መጡ ማለት ሲሆን፣ «ሃው ሜኒ ጌትስ ዲድ ዩ ሲ?» ስንት በሮችን አየህ ማለት ነው፤ የጁጎልን ጥንታዊ በሮች በሙሉ ያየ ሰው «ፋይቭ» ብሎ ይመልሳል።

ለመለማመጃ የአካባቢን ታሪክ የመሰለ ነገር የለም፤ መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሐሳቡ ሁሉ በአሠራሩ ላይ ያርፋል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረርን ከያዙ በኋላ መኮንንን፣ የኋላውን ራስ መኮንንን፣ ገዥ አድርገው ሾሙ። ይህን «ሜኔሊክ አፖይንትድ መኮንን» ብለው ይጻፉት። የሾመውን ለመጠየቅ «ሁ አፖይንትድ መኮንን?»፣ የተሾመውን ለመጠየቅ «ሁ ዲድ ሜኔሊክ አፖይንት?» ይባላል። ሁለቱም መልሶች ሰዎች ስለሆኑና ሁለቱም ጥያቄዎች በ«ሁ» ስለሚጀምሩ፣ ልዩነቱን ከዚህ ጥንድ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። የባቡሩንም ታሪክ ይውሰዱ፦ «ዘ ሬይልዌይ ሪችድ ድሬዳዋ ኢን 1902»፣ ማለትም የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ በቆላው በኩል ስላለፈ ነው ድሬዳዋ ከተማ ሆና ያደገችው። «ዋት ሪችድ ድሬዳዋ ኢን 1902?» የባለቤት ጥያቄ ነው። «ዌን ዲድ ዘ ሬይልዌይ ሪች ድሬዳዋ?» ሲባል ግን የሚጠየቀው ጊዜው ነው፤ ጊዜ፣ ቦታና ምክንያት በእንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ስለማይሆኑ፣ «ዌን»፣ «ዌር» እና «ዋይ» ከተራ ግሥ ጋር ሲመጡ ረዳት ግሥን ይጠይቃሉ። «ዌር ዩ ሊቭ?» የሚለው በየመንገዱ የሚሰማ አነጋገር የሚታረመው በዚሁ ነው፤ «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?»

ዓረፍተ ነገሩ አስቀድሞ «ካን» ወይም «ዊል»ን የመሰለ ረዳት ግሥ ካለው «ዱ» እና «ዲድ» አያስፈልጉም፤ በተሳቢ ጥያቄ ያለው ረዳት ግሥ ከባለቤቱ ፊት ይቀድማል። «ሁ ካን ሄልፕ ዩ?» ማን ሊረዳህ ይችላል ሲሆን፣ «ሁ ካን ዩ ሄልፕ?» ማንን ልትረዳ ትችላለህ ነው። «ኢዝ» እና «ዋዝ»ም ዋና ግሥ ሆነው ሲመጡ «ዱ»ን አይቀበሉም፤ «ሁ ኢዝ ዩር ቲቸር?» ይበቃል። አሉታዊ የባለቤት ጥያቄ ግን ከላይ ካልነው ይለያል፤ «ማን አልመጣም?» ለማለት «ሁ ዲድንት ካም?» ይባላል፤ «ዲድ» እዚህ የገባው ለጥያቄው ሳይሆን ለአሉታው ነው።

የመጨረሻው «ከማን ጋር» እና «ለማን» የሚሉት ናቸው። እነዚህም እንደ ተሳቢ ጥያቄ ይታያሉ፤ መስተዋድዱ፣ ማለትም እንደ «ዊዝ» («ጋር») ያለው ቃል፣ በመጨረሻ ይቀራል። «ከማን ጋር ተጓዝክ?» «ሁ ዲድ ዩ ትራቭል ዊዝ?» ይሆናል፤ «ዊዝ» ከተረሳች ዐረፍተ ነገሩ ጎደሎ ነው። በመደበኛ ጽሑፍ መስተዋድዱን ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ «ሁ» ወደ «ሁም» ይለወጥና «ዊዝ ሁም ዲድ ዩ ትራቭል?» ይባላል። በንግግር ግን የመጀመሪያውን መያዝ ይሻላል፤ ደብዳቤና ማመልከቻ ሲጽፉ ሁለተኛውን ይጠቀሙ።