ያደረ ሪሰርችን መጀመር፦ ለተመራቂ ተማሪዎች

የመመረቂያ ጽሑፉን ቁጭ አድርጎ ልብስ ሲያጥብ፣ ዶርም ሲያጸዳ፣ የጓደኛውን ላፕቶፕ ሲያስተካክል የሚውል ተማሪ ሰነፍ አይባልም። ሰነፍማ ልብሱንም አያጥብም። የሚሸሸው ፋይሉን ሲከፍት የሚመጣበትን ስሜት ነው፦ «አልገባኝም፣ አድቫይዘሬ ይታዘበኛል፣ ጊዜው ሄዷል።» ሲዘጋው ወዲያው ቅልል ይለዋል፤ ነገም እንዲዘጋው የሚያለማምደው ይኸው መቅለል ነው። ፕሮግራም አውጥቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን የማይሠራውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን አሳንሱት። «ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት) እሠራለሁ» ብሎ ቁጭ ያለ ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ ቴሌግራም ይከፍታል። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ካወረድኳቸው አርቲክሎች የአንዱን አብስትራክትና መደምደሚያ አነባለሁ፤ የት እንደተጠና፣ በስንት ሰው ላይ፣ በምን ዘዴ፣ ምን እንደተገኘ በአራት መስመር እጽፋለሁ።» በ25 ደቂቃ የማያልቅ ከመሰላችሁ አሁንም ትልቅ ነውና ክፈሉት። 25 ደቂቃ ሠርታችሁ 5 ደቂቃ ዕረፉ። ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ዙር ይበቃል፤ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ዙር ያቀደ ሰው በሦስተኛው ቀን አይገኝም።

ቀጥሎ ሥራውን ከአንድ ቋሚ ነገር ጋር እሰሩት። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዳሳዩት፣ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ተብሎ የተያዘ ዕቅድ ከባዶ ቁርጠኝነት ይልቅ ይፈጸማል። ለምሳሌ፦ «ቁርስ በልቼ ከካፌ ስወጣ፣ ዶርም ሳልመለስ ቀጥታ ላይብረሪ እገባለሁ።» ዋናዋ ቃል «ሳልመለስ» ናት። ዶርም አልጋም ወሬም አለ። ስለዚህ ላፕቶፕና ቻርጀር ወደ ቁርስ ስትወጡ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ። አርቲክሎቹን ማታውኑ አውርዱ፤ ጠዋት ዋይፋዩ እንቢ ቢል ሰበብ እንዳይሆን። ስልኩን ሎከር ውስጥ ቆልፉበት። ሳይለንት ማድረግ አይበቃም፤ ሰዓት ለማየት ያነሳችሁት ስልክ ግማሽ ሰዓት ይዟችሁ ይሄዳል።

ጊዜ ስትገምቱ ለራሳችሁ አትመኑ። ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ተመራቂ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንደሚጨርሱ ገምተው ነበር፤ የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የትብብር ደብዳቤ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ይሆናል፣ የተበተነ መጠይቅ ሳይመለስ ይቀራል፣ መብራት ይጠፋል። አሥር ቀን ይበቃኛል ያላችሁትን አሥራ ስድስት አድርጉት። ደብዳቤና መጠይቅ በሌላ ሰው እጅ ያሉ ሥራዎች ናቸውና ቀድማችሁ ልቀቋቸው፤ እነሱ እስኪመለሱ እናንተ ትጽፋላችሁ።

ብዙ ሪሰርች የሚሞተው ግን ከአድቫይዘር በመደበቅ ነው። አንድ ቀጠሮ ይቀራል፣ ከዚያ ባዶ እጅ መሄድ ያሳፍራል፣ «ትንሽ ጨምሬ» ሲባል ወር ያልፋል፤ በመጨረሻ ኮሪደር ላይ ሲያዩዋቸው መንገድ መቀየር ይመጣል። መውጫው አጭር መልእክት ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ስላልቀረብኩ ይቅርታ ይደረግልኝ። ከምዕራፍ ሦስት አራት ገጽ ጽፌያለሁ፤ የናሙና አመራረጡ ላይ ግን ተቸግሬያለሁ። ሐሙስ ወይም ዓርብ 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ ይዤ እመጣለሁ።»

የታመመ ዘመድ፣ የተበላሸ ላፕቶፕ አትጨምሩ። የደረሳችሁበት፣ የተቸገራችሁበት፣ የምትመጡበት ቀን፤ አበቃ። ያላለቀ አራት ገጽ ዛሬ ማሳየት፣ ያለቀ ስልሳ ገጽ በመጨረሻው ሳምንት ከመከመር ይሻላል። አሥር ተማሪ የያዘ መምህር ያንን አያነበውም፤ ቢያነበውም ለማረም ጊዜ አይኖራችሁም። ከሌላ ሰው ሥራ መገልበጥ የሚጀመረውም በዚያው ሳምንት ነው።

ሌሊቱን በቡናና በጫት መሸፈን ለብዙዎች የተለመደ ነው። የጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓትም ግማሹ ደም ውስጥ ነው። ጫት ደግሞ እንቅልፍ ነስቶ በማግሥቱ ድብርት ያመጣል። ምርቃና ላይ የታቀደ ምዕራፍ ጠዋት ሲፈለግ የለም።

የባከነ ቀን ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ በተደረገ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናቱን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለሚቀጥለው ፈተና ማዘግየታቸው ቀንሷል። ስለዚህ የትናንቱን ዕዳ በዛሬው ላይ አትደርቡ፤ ሁለት ዙር ከነበረ ዛሬም ሁለት ዙር ነው።

እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ጨዋታ ሁሉ ጠፍቶ፣ ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ነገሩ የማዘግየት ጉዳይ አይደለም። ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ተማሪዎች ዲን የምክር አገልግሎት ሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ለአንድ ሰው ተናግራችሁ ከእሱ ጋር በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ሐኪም ትምህርቱን እንድታቋርጡ ከመከረ፣ ሻንጣ ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ማስረጃውን ይዛችሁ ሬጅስትራር የዊዝድሮዋል ፎርም ሙሉ፣ አስፈርሙ፣ አንድ ቅጂ ያዙ፤ ሳይሞላ ግቢ የለቀቀ ተማሪ ለመመለስ ሲያመለክት ይቸገራል።